ደህና ነው ያልንለት ልጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጌጤነሽ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይ? እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅዎ ዮዳሄም ደህና ነው፤ ቅዳሜ ያመጡለትን ሸሚዝ ለብሶ ነው ዛሬ ወደ ቀን ማዕከሉ የሄደው።

ትናንት እየተናገሩ ሳለ ስልኩን የዘጋሁት በንቀት እንዳይመስልዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ስፒከር ላይ ካላደረጉት፣ እኔም ካልጮህኩ አይሰሙም፤ እኔ ጋ ደግሞ ልጅዎ አለ። ሌላ ክፍል ብገባም የምለውን ይሰማል። ባለፈው ስለ እሱ ስናወራ ሰምቶ፣ እራቱን ምን ብለምነው አፉን አልከፍትም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ዕቃ ሲወራበት ደስ አይለውም፤ እኔም ብሆን አይለኝም። ስለዚህ እሱ ማዕከሉ ሲውል ቁጭ ብዬ ብጽፍልዎት ይሻላል ብዬ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት አካል ጉዳተኞችን ለሚንከባከቡ እንደኛ ላሉ ኤጀንሲዎች የሚከፈለውን የሚቀይር ሕግ አውጥቷል፤ መስከረም ላይ ይጀምራል። ማናጀሩ ሰብስቦ እንደነገረን ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈለው በተሰጠው ሌቭል ልክ ነው። ብዙ እርዳታ ለሚፈልግ ከፍ ያለ፣ ራሱን ለሚችል ዝቅ ያለ። ዝቅ ያለ ሌቭል ላለው ደግሞ ማታ ሳይተኛ ለሚጠብቀው ሠራተኛ አይከፈልም። ሠራተኛ ከሌለ ኤጀንሲው ዮዳሄን እዚህ ማቆየት አይችልም፤ ሩቅ ወዳለ፣ ብዙ ሰው ወዳለበት ቤት ይወስዱታል። ማናጀሩ አንድ ሁለት ቦታ ስም ጠርቶ ነበር፤ ልጽፈው አልፈልግም።

የዮዳሄ ሌቭል ለምን ዝቅ አለ ብለውኛል። እትዬ፣ መጋቢት ላይ ሌቭሉን የምትወስነው ገምጋሚ ስትመጣ እኔም እርስዎም እዚያው ነበርን። ከዚህ በላይ ብል ድፍረት ይሆንብኛል።

አክባሪዎ ውብነሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብነሽ ልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ የራሱ ሐሳብ አለው፣ እኔን አያማክረኝም።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። እውነትሽን ነው፣ ነበርን። ገምጋሚዋ እንግዳ ናት ብዬ ቀድሜ መጥቼ ቤታችሁን አስጠርጌ፣ ልጄን አስተጣጥቤ፣ ሱፍ አልብሼ ጠበቅኳት። ዊልቸሩን ሳይቀር ወልውዬ ነበር። በራሱ ይበላል ወይ ስትል ይበላል አልኳት። ልብሱን ይለብሳል ወይ ስትል ጎበዝ ነው አልኳት። ምን ልበላት ኖሯል? የማላውቃት ሴት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ልጅሽ እንዴት ነው ስትለኝ፣ ሽንቱን አይቆጣጠርም ልበላት? እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ? ልጄን ከወለድኩት ጀምሮ ስሙን ከጉድለት ጋር ጠርቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው። የእኔ አፍ ምክር ቤት የሚገባ መሆኑን ማን ነገረኝ?

አንቺ ግን ለምን ዝም አልሽ? ራት የምታጎርሺው አንቺ ነሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ምንጣፉን ስታዪ አይቼሻለሁ።

ለምን ወደ አሌክሳንድሪያ አላመጣውም ብለሽ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ራሴ ሴት ልጄ ሜሮን ቤት ጥገኛ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እሱ ወንዙን ተሻግሮ እኔ ወዳለሁበት ወደ ቨርጂኒያ ከገባ ደግሞ ከሜሪላንድ የሚያገኘው እርዳታ ሁሉ ይቀራል፤ እዚህ የወረፋው ጭራ ላይ ነው የሚቆመው። ወረፋው ሳይደርሰው እኔ እሞታለሁ።

ያ የሚጥለው ነገር ከለቀቀው ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አይደል? ለገምጋሚዋ ይህንን ያልኳት እውነቴን ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደናንተ የሚያመጣኝ ጎረቤቴ ሳህሉ፣ ሀያትስቪል ካለ አንድ መጋዘን ባጅ አንጠልጥላ ስትወጣ አየኋት ብሎኛል። ሥራ ልትቀይሪ ነው?

ጌጤነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጌጤነሽ፤

እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን።

ለምን ዝም አልሽ ላሉኝ፦ እናት ልጄ በራሱ ይበላል ስትል፣ ከጎኗ የቆመች ሠራተኛ አይበላም እንዴት ትላለች? ያውም በፈረንጅ ፊት፣ በእንግሊዝኛ? ላዋርድዎት አልቻልኩም። ሲሄዱ ለብቻዋ አግኝቼ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ቀጠሮ አለብኝ ብላ እርስዎ ሳይወጡ ሄደች። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው።

ይግባኝ ማለት ይቻላል። ማናጀሩን ጠይቄዋለሁ፤ ሐምሌ ሳያልቅ ካመለከትን ገምጋሚዋ ነሐሴ ላይ እንደገና ትመጣለች። ማናጀሩም ይግባኙን ይፈልገዋል፤ ልጁ ከሄደ ቤቱም መዘጋቱ ነው። ነገር ግን እኛ ሠራተኞቹ ብቻ ብንናገር ለእንጀራቸው ነው ይሉናል። በሕግ ሞግዚቱ እርስዎ ስለሆኑ፣ መጋቢት ላይ ያሉትንም እርስዎ ስላሉ፣ አሁንም የሚናገሩት እርስዎ መሆን አለብዎት።

ያ ነገር ብለው የጠየቁኝን ስንገናኝ ብናወራው ይሻላል። የሳህሉም ዓይን ደህና ነው፤ እሱንም እንዲሁ በሌላ ጊዜ።

አክባሪዎ ውብነሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብነሽ፤

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ስንገናኝ ያልሽው ነገር ምንድነው? ያ ነገር ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?

ቅዳሜ መጥቼ አየሁት። ይስቃል። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አንቺ ግን ሻይ አመጣለሁ ብለሽ ወጥተሽ ሳትመለሺ ቀረሽ። ሜሮንን ስጠይቃት ስልኳን ማየት ጀመረች። እባክሽ ንገሪኝ።

ጌጤነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ተመልሷል።

ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመረው፤ ገምጋሚዋ ከሄደች በኋላ። መጀመሪያ ከማዕከሉ ስንመለስ ቫኑ ውስጥ ጣለው። ሹፌሩ መንገድ ዳር አቆመ፤ እኔ ጭንቅላቱን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ከዚያ ገላውን ሳጥበው። ከዚያ በእንቅልፉ፣ እሱንም ያዳነው ማታ የሚጠብቀው ልጅ ነቅቶ ስለነበር ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨምሮለታል፤ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም። ማታ የሚጠብቀው ሰው ከቀረ የሚሆነውን እኔ ማሰብ ትቻለሁ፤ ካሰብኩት ሥራ መሥራት አልችልም።

ኤጀንሲው ግዴታው ስለሆነ ለሜሮን ደውሎ ነግሯታል፤ መዝገባቸው ላይ ያለው የእሷ ቁጥር ነው። እሷም እማዬ እንዳትሰማ ብላ ለመነችኝ። አይቆጧት፤ ስትለምነኝ ታለቅስ ነበር።

ግን ዝም ያሰኘኝ እሷ ብቻ አይደለችም። ልጅዎ ነው። አንድ ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደሚታገል ያውቃሉ። ያን ዕለት ከቫኑ አውርደን አልጋው ላይ ስናስተኛው እጄን ይዞ አለቅም አለ። ሁላችንም ውሃ የጠማው መስሎን ነበር። ለረጅም ጊዜ ታግሎ፣ «ለእማ አትንገሪ» አለኝ።

ሌላም ልንገርዎት፤ ከጀመርኩት አይቀር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም ይላል። ቅዳሜ እርስዎ ፊት ልብሱ እንዳይረጥብ ነው። እርስዎ ሲመጡ አንገቱን ቀና አድርጎ ለመያዝ፣ ለመሳቅ፣ ምራቁን ለመዋጥ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። እርስዎ ሲሄዱ እሁድን ሙሉ ይተኛል። ምግብ ካልፈጨሁለት ያንቀዋል፤ እርስዎ የሚያመጡለትን ዳቦ ቅዳሜ ማታ በወተት አርሼ ነው የምሰጠው። ይወደዋል ግን፣ እሱ ውሸት አይደለም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእርስዎ ደህና ነን፣ ደህና ነው እያልኩ ስጽፍ ለገምጋሚዋ እርስዎ ያሉትን እኔም ለእርስዎ ማለቴ ነበር።

ውብነሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብነሽ ልጄ፤

ብዙ ቆየሁብሽ። ሁለት ቅዳሜም ቀረሁ፤ ጉልበቴ አስቸገረኝ ብዬ አስነግሬያለሁ፤ ጉልበቴ እንኳ በዚህ ሳምንት ደህና ነበር። መምጣት ፈርቼ ነው። በሩ ተከፍቶ ፈገግ ሲልልኝ ምን አደርጋለሁ ብዬ።

ከሜሮን ጋር ተጣልተን ታርቀናል። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት፣ «አንቺ መቼ እውነት መስማት ትወጃለሽ?» አለችኝ። በልቼ መስሎኝ ሳልበላ ተኛሁ።

ውብነሽ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ፊት አይቼ ነው ሳምንቱን የምገፋው። ሐኪሞች ልጅሽ አይናገርም ሲሉኝ፣ አባቱ ሲሞት፣ አገር ስቀይር፣ የያዘኝ እሱ ነው። ለእኔ ብሎ እየተጠማ የሚሠራው ፊት ከሆነ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ማንን ሳይ ኖርኩ? ተቆጥቼሻለሁ። እንደገና ደግሞ ቁጣዬ የት እንደሚያርፍ አጣዋለሁ።

ይግባኙን ሜሮን አስገብታለች። ገምጋሚዋ ነሐሴ አሥራ ሁለት ትመጣለች ተባልኩ። እናገራለሁ። ምን ማለት እንዳለብኝ ግን አስተምሪኝ፤ እኔ ልጄን ማመስገን እንጂ ማማት አልችልበትም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ስናገር እሱ አይኑር። ወደ ጓሮ አውጪልኝ፣ ወይም ሙዚቃ ጆሮው ላይ አድርጊለት። እሱ እየሰማ አልችልም።

የመጋዘኑን ነገር ዛሬም አልነገርሽኝም።

ጌጤነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጌጤነሽ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እንደቀሩብኝ ነበር የፈራሁት። እሱም ሁለቱን ቅዳሜ በር በሩን ሲያይ ነው የዋለው።

እንዲወጣ የለመኑኝን ጠይቄያለሁ፤ አይሆንም ተብሏል። የሚገመገመው እሱ ነው፤ ከሌለ ግምገማ የለም። ሙዚቃም አይሆንም፤ ገምጋሚዋ ራሷ እሱን የምትጠይቀው አለ። እኔም እንዳልዋሽዎት፣ ምን ባደርግለት ይሰማል።

ምን ልበል ላሉኝ፦ ሴትየዋ እንዴት ነው ስትልዎት ሰላምታ አይደለም የምትጠይቅዎት። እሷ አገር ያ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ቅዳሜን አይንገሯት፤ እሁድን ይንገሯት። እኔ የጻፍኩልዎትን ሁሉ በራስዎ ቃል ይበሉት፣ በአማርኛ ይበሉት፣ አስተርጓሚ ትመጣለች። አንድ ጥያቄ ላይ እንኳ ደህና ነው ካሉ ያችኑ ይዛ ትሄዳለች። ካቃተዎት ወደ እኔ አይዩ፤ እኔን ካዩ ሁለታችንም እናለቅሳለን፤ ወደ ምንጣፉ ይዩ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

አክባሪዎ ውብነሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብነሽ፤

ትናንት ሳልሰናበታችሁ የወጣሁት እዚያ ቤት ውስጥ መቆየት ስላልቻልኩ ነው። ሳህሉ መኪናውን ሲያስነሳ እንኳ ቀበቶዬን አላሰርኩም ነበር፤ ቼቪ ቼዝ የሚባለው ሰፈር ደርሰን ነው ያሰረልኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰምተሻል። ሽንቱን፣ መጣሉን፣ ማነቁን፣ እኔ ስሄድ እንደሚተኛ። አፌ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። አስተርጓሚዋ ልጅ እግር ናት፤ እያንዳንዱን ቃል ደግማ በእንግሊዝኛ ስትለው ሁለት ጊዜ የሰደብኩት መሰለኝ። አንዴ ብቻ ቀና አልኩ። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ያ አንገት እንዴት እንደሚዞር፣ ምን ያህል እንደሚያመው አውቃለሁ። እኔን ላለማየት ነው ያዞረው።

አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር። ከወጣሁ በኋላ ምን አለ? በላ ወይ?

እኔ ልጄን ለማስቀረት ብዬ ልጄን አጣሁት መሰለኝ። ቅዳሜ ልምጣ ወይስ አልምጣ፣ አንቺ ንገሪኝ። በጣም ፈርቻለሁ።

ጌጤነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ እትዬ ጌጤነሽ፤

መልሱ እስኪመጣ ብዬ አቆየሁዎት፤ በሜሮን በኩል ግን ይምጡ ብዬ ልኬብዎት ነበር። አልመጡም።

በላ ወይ ላሉኝ፦ የዚያን ቀን አልበላም። በማግስቱ በላ። ምን አለ ላሉኝ፣ ብዙ ቀን ምንም አላለም። እኔም እንደ እርስዎ ነበር ያሰብኩት፤ አፈረ፣ ተቀየመን ብዬ።

ውሳኔው ትናንት መጣ። ሌቭሉ ከፍ ብሏል። ማታ የሚጠብቀው ሰው ይቀጥላል፣ ክፍሉም የእሱ ነው፣ የትም አይሄድም። አሁን ደግሞ የቀረውን ልንገርዎት፤ ደስታዎን ላቋርጥ ስል አፍራለሁ። ሕጉ ለሁሉም ሌቭል የሚከፈለውን ቀንሶታል። ቤቱ ይቆያል፤ የእኛ ደመወዝ ግን ከመስከረም ጀምሮ ይቀንሳል። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሁለቱ ለቀዋል።

ሳህሉ ያየው እውነት ነው። መጋዘኑ ቀጥሮኛል። ግንቦት ላይ ነው ያመለከትኩት፣ ሳህሉ ያየኝም ለቃለ መጠይቅ ሄጄ ነው፤ ልጄ ኤፍራታ ዘንድሮ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ብቻዬን ነኝ። የምጀምረው ሰኞ ነበር። እርስዎ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ያልመለስኩት፣ ልጅዎን ለማዳን እየሮጥኩ ልጅዎን ጥዬው ልሄድ መሆኔን በወረቀት ላይ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጺሙን እየላጨሁት፣ ሌቭልህ ተስተካክሏል፣ የትም አትሄድም አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እጄን ያዘኝና ምላጩን አስቀመጥኩ። ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ፤ እኔም አልቸኮልኩበትም። እንዲህ አለኝ።

«እማ ስትሞት ማን ይናገርልኛል?»

እትዬ፣ አላፈረብዎትም። ወደ መስኮቱ የዞረው ይህን እያሰበ ነበር። እርስዎ አፍዎን ከፍተው ሁሉን ስለ እሱ ሲናገሩ ሰምቶ፣ ይህች ሴት ባትኖር ምን እሆናለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። እንደ እርስዎ ነው የፈራው፤ ያንኑ ፍርሃት ነው ሁለታችሁም የምትደባበቁት።

ሜሮን ልለው ፈለግኩ። እግዚአብሔር ልለውም ፈለግኩ። እሱ ግን ዓይኔን ይዞ እየጠበቀ ነበር፣ ሳሙናው ጉንጩ ላይ እየደረቀ። «እኔ» አልኩት።

እጄን ለቀቀው። የቀረውን ላጨሁት። ከዚያ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆሜ ለመጋዘኑ ደወልኩና አልመጣም አልኳቸው። ቀና ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስልዎት፤ ያን ፊት እያየሁ ሌላ መልስ ስላጣሁ ነው። ለኤፍራታ ምን እንደምላት አላውቅም። ወር ሳይሞላ እጸጸት ይሆናል፣ ሌላ ሥራ ፍለጋም እወጣ ይሆናል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ቃሉን የሰሙት እሱና እኔ ብቻ ከሆንን ደግሞ ልበላው እችላለሁ፤ እሱ ለማንም አይናገርብኝም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልዎት፤ አሁን እርስዎም ሰምተዋል።

ፈርቻለሁ እትዬ። ቅዳሜ ይምጡ።

ውብነሽ